ብዙ የማትጠይቅ ቀይ ቁጥቋጦ ጽጌረዳ፦ አመራረጥ፣ አተካከልና አገራረዝ

ብዙ ሰው ጽጌረዳ የሚሸሸው በየሳምንቱ መድኃኒት የሚረጭላት፣ የደረቀ አበባዋ በየቀኑ የሚለቀምላት ስለሚመስለው ነው። ይህ ስም የወጣው በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ አበባ ከሚያወጡት፣ ተቆርጠው ለጠረጴዛ ከሚቀርቡት ዓይነቶች ነው። ቁጥቋጦ ጽጌረዳ ሌላ ናት። ከሥሯ ብዙ ቅርንጫፍ ታወጣለች፣ በዘለላ ታብባለች፣ ያረጀውን አበባ ራሷ ታራግፋለች። ይሁንና ሥራዋ ቀላል የሚሆነው ከመትከላችሁ በፊት ዝርያዋ፣ ቦታዋና ጉድጓዷ በትክክል ከተመረጡ ብቻ ነው። በእነዚህ የተሳሳተ ሰው በኋላ በማዳበሪያና በመርጫ አያካክሰውም። በትክክል የጀመረ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳት አብዝቶ በማጠጣት፣ አብዝቶ በመመገብና ያለጊዜው በመቁረጥ ነው።

ዝርያዋን መምረጥ

ችግኝ ሻጩን በቅድሚያ የምትጠይቁት ስለ አበባዋ መጠን ሳይሆን «ጥቁር ነጠብጣብን ትቋቋማለች ወይ?» ብላችሁ ነው። ጽጌረዳን ባለብዙ ጣጣ የሚያደርጋት ከሁሉም በላይ ይህ የፈንገስ በሽታ ነው። በሽታውን የማትቋቋም ዝርያ በዝናብ ወቅት ቅጠሏን ጨርሳ አራግፋ ባዶ ዘንግ ሆና ትቀራለች።

በዚህ በኩል በዓለም ላይ በጣም የታወቀችው ኖክ አውት ናት። ዊሊያም ራድለር የተባለ አሜሪካዊ አዳቅሎ ያወጣት ሲሆን በ2000 ለገበያ ቀረበች። ራድለር በሽታ የያዛቸውን የጽጌረዳ ቅጠሎች ሰብስቦ፣ አድርቆና ፈጭቶ በችግኞቹ ላይ ይነሰንስ ነበር፤ የታመሙትን አስወግዶ የቆሙትን ብቻ ያስቀር ነበር። ጥንካሬዋ የመጣው ከዚህ ነው። ቁመቷም ስፋቷም ከ90 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሳትገረዝ ከቆየች ከ150 ታልፋለች። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እወቁ፦ ቀለሟ የደም ቀይ ሳይሆን ወደ ቼሪ የሚያደላ ነው፣ በኃይለኛ ሙቀትም ይፈዛል። ሽታዋም የለም ማለት ይቀላል። የመጀመሪያዋ ኖክ አውት የአበባ ቅጠሎቿ ጥቂት ናቸው፤ ድርብርብ አበባ የሚወድ ሰው በኋላ የወጣችውን ድርብ ኖክ አውት ይፈልግ።

ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚያልፍበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ በካናዳ የግብርና ምርምር የወጡት ዝርያዎች ይሻላሉ። ከትበርት ግራንት በ1967 የወጣች ሲሆን ጥቁር ቀይ፣ ድርብርብ አበባ አላት። ሻምፕሌይን በ1982 የወጣች ዝቅ ያለች፣ አበባ የማታቋርጥ ዓይነት ናት፤ ከሁለቱ ብርድ የምትችለው ግን ከትበርት ግራንት ናት። እሾሃም አጥር ለሚፈልግ ደግሞ የጀርመኑ የኮርደስ ቤት በ1979 ያወጣት ሮቡስታ አለች፤ እሾኋ ያለ ወፍራም ጓንት አይነካም፣ ስለዚህ መተላለፊያ ዳር አትትከሏት።

ስሟን የማታውቁት ዝርያ ቢያጋጥማችሁ መለያው ላይ የጀርመኑን የኤዲአር ምልክት ፈልጉ። ይህን ምልክት የሚያገኙት በተለያዩ ቦታዎች ለዓመታት ያለ ፀረ-ተባይ ተፈትነው ያለፉ ጽጌረዳዎች ብቻ ናቸው። በማስታወቂያ ላይ ከሚጻፈው «በሽታ አይነካትም» ከሚለው ቃል ይህ ምልክት እጅግ ይታመናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ሥሯ ነው። በራሷ ሥር የበቀለች ጽጌረዳ አለች፣ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ግራፍት የተደረገችም አለች። ግራፍት የሆነችው ከአፈሩ አጠገብ ጉብ ያለ መጋጠሚያ ይታይባታል። ለግቢ በራሷ ሥር የበቀለችው ትመረጣለች፤ ውርጭ እስከ አፈሩ ቢመታት እንኳ ከሥሯ የምታቆጠቁጠው ያችው ዝርያ ናት። ግራፍት የሆነችው ከላይ ከሞተች ግን የሚያቆጠቁጠው የሥሩ ባለቤት ነው። ቀይ ጽጌረዳ ላይ ይህ ብዙ ሰው ያታልላል፤ በብዛት ለሥርነት የሚያገለግለው ዶክተር ሁዌይ የሚባለው ዝርያ ራሱ ጥቁር ቀይ ያብባልና። «ጽጌረዳዬ በዓመት አንዴ ብቻ ማበብ ጀመረች፣ ዘንጎቿም ረዝመው ተዘናፈሉ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገው ዶክተር ሁዌይን ነው።

ችግኙን ስትመርጡ ቢያንስ ሦስት ጤነኛ ቅርንጫፍ ያላትን፣ ከፖቱ ቀዳዳ ሥሯ ተጠማዝዞ ያልወጣውን፣ ከታች ያሉት ቅጠሎቿ ያልረገፉትን ውሰዱ። አበባ የሞላባት ዓይን ትስባለች፤ እንቡጥ ብቻ የያዘችው ግን ቶሎ ትለምዳለች።

ቦታዋ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋታል፤ 8 ቢሆን ይሻላል። ምርጫ ካላችሁ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛትን ቦታ ስጧት። ምክንያቱ ጠል ነው፦ የጥቁር ነጠብጣብ ዘር ቅጠል ውስጥ ለመግባት ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በጠዋት የምትደርቅ ቅጠል ዕድሉን ትነፍገዋለች። በአንጻሩ ወደ ምዕራብ ከሚያይ ግድግዳ ጋር ተጠግታ የምትቆም ቀይ ጽጌረዳ የከሰዓቱ ሙቀት የአበባዋን ጠርዝ ያጠቁረዋል፤ ቀለሟ የጠቆረ በሆነ መጠን ይህ ይብሳል።

ከግድግዳና ከአጥር ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር አርቁ፣ ከሌላ ጽጌረዳ ደግሞ ከ90 እስከ 120። አጥር ለመሥራት ከሆነ 75 ይበቃል፤ ከዚያ በታች ካወረዳችሁት አየር አይዘዋወርም። ትልቅ ዛፍ ሥር አትትከሉ። ጥላው ባይደርስባት እንኳ የዛፉ ሥር ውሃውን ይቀማታል።

ከመቆፈራችሁ በፊት የውሃ መስረጉን ፈትኑ። ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉና እስኪሰርግ ጠብቁ፤ ከዚያ እንደገና ሙሉትና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በማስመሪያ ለኩ። ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ጥሩ ነው። በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይወርድ ከሆነ ጉድጓድ መቆፈሩን ተዉትና ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ጽጌረዳ ጥቂት ጥማት ትችላለች፤ ውሃ የተኛበት ሥር ግን አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

አፈሯ

ፒኤች (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ) ከ6 እስከ 6.5 ቢሆን ይመቻታል፤ እስከ 7 ድረስም አታማርርም። ከዚያ ሲያልፍ ብረት በአፈሩ ውስጥ እያለ ሥሯ ሊወስደው አይችልም፣ አዲሱ ቅጠልም ደም ሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። የአፈር መመርመሪያ ወረቀት ርካሽ ነው፤ ሳይለኩ ኖራ ወይም ድኝ መጨመር ግን ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። የማገዶ አመድም ፒኤችን ከፍ እንደሚያደርግ አትርሱ፤ «አመድ ለአበባ ጥሩ ነው» ሲባል እየሰማ በየሳምንቱ የሚያፈስ ሰው ቅጠሉ ለምን እንደሚነጣ አይገባውም።

የበሰለ ኮምፖስት ወይም ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ ፍግ አዘጋጁ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የዶሮ ኩስ ከሁሉም የባሰ ነው። ኮምፖስቱን በጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ከማጨቅ ይልቅ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት በመደቡ ሁሉ ላይ አፍስሳችሁ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መገልበጥ ይሻላል። ዙሪያው ሸክላማ ሆኖ ጉድጓዱ ብቻ በለሰለሰ አፈር ከተሞላ ጉድጓዱ ውሃ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል፣ ሥሯም ወደ ውጭ መዘርጋት ትታ እዚያው ትዞራለች። «ውሃ እንዲያወርድ» ተብሎ ከታች ጠጠር ማንጠፍም አይረዳም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መትከል

ጊዜው እንደ አየሩ ይለያያል። ውርጭ በሚበዛበት አገር ኃይለኛው ብርድ ካለፈ በኋላ፣ በረዶ በማይታወቅበት ደግሞ ዝናቡ ሲገባ ወይም ሙቀቱ ሲበርድ ትከሉ። ቀኑ ደመናማ ከሆነ፣ ካልሆነም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥሩ።

1. በፖት ያለችውን ከመትከል በፊት ሌሊቱን በደንብ አጠጧት። አፈር የሌለባት፣ ሥሯ ራቁቱን የመጣች ከሆነች ሥሯን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ከ24 ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት። የተሰበረ ሥር ካለ ንጹሕ መቀስ ይዛችሁ ቁረጡት።

2. ስፋቱ ሥሯን ከያዘው አፈር እጥፍ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩ። ጥልቀቱ ግን ከፖቱ ቁመት አይበልጥ፤ በብርዳም አገር ለምትተከል ግራፍት ብቻ መጋጠሚያዋ እስኪቀበር ይጨመር። ከታች ያለውን አፈር ካላላችሁት ተክሏ ከጊዜ በኋላ ትሰምጣለች። የጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ተለስልሶ ከተሸፈነ በሹካ ወይም በዶማ ጫፍ ጫሩት።

3. ፖቱን ገልብጣችሁ ጎኑን መታ መታ በማድረግ አውጧት፤ ግንዷን ይዛችሁ አትጎትቱ። ሥሯ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ ከላይ እስከ ታች በሦስት ወይም በአራት ቦታ በቢላ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቁት። ጭካኔ ይመስላል፤ የተጠመጠመ ሥር ግን ካልተቆረጠ ከዓመት በኋላም እንደተጠመጠመ ነው።

4. በጉድጓዱ ውስጥ አቁማችሁ አንድ ዱላ በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድሙ። በራሷ ሥር የበቀለች ከሆነች የሥሯ አፈር ከዱላው እኩል ወይም እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሁን። ግራፍት ከሆነች በብርዳም አገር መጋጠሚያው ከአፈር በታች ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይቀበር፤ ሞቃት በሆነ ቦታ ግን ከአፈሩ በላይ ይታይ። ሥሯ ራቁቱን ለሆነች ችግኝ ጉድጓዱ መሐል ትንሽ ጉብታ ሠርታችሁ ሥሯን በላዩ ዘርጉት።

5. የወጣውን አፈር እስከ ግማሽ መልሱና 5 ሊትር ውሃ አፍስሱ። ውሃው ሲሰርግ የአየር ክፍተቱን ይዘጋል። ከዚያ ቀሪውን መልሱ፣ በእጅ ተጫኑት። በእግር አትርገጡ።

6. ዙሪያውን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ዝቅ ያለ የአፈር ክብ ሠርታችሁ ሌላ 10 ሊትር አጠጡ። አፈሩ ከተደረመሰ ጨምሩ።

በመትከያ ጉድጓድ ውስጥ ዩሪያም ሆነ ሌላ ኬሚካል ማዳበሪያ አትጨምሩ። አዲስ ሥር ጨው አይችልም።

ውሃ በመጀመሪያው ዓመት

«ቻይ» የምትባለው ጽጌረዳ ቻይ የምትሆነው ሥሯ ከወረደ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥሯ ያለው እዚያው የተተከለችበት አፈር ውስጥ ስለሆነ ዙሪያው እርጥብ ሆኖ እሷ ልትደርቅ ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየ2 እና በየ3 ቀኑ 5 ሊትር በቀጥታ ከግንዷ አጠገብ ስጧት። ከዚያ በኋላ ዝናብ ከሌለ በሳምንት 20 ሊትር ያህል ይበቃታል። በሌላ አቆጣጠር በሳምንት 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝናብ ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ይህ 25 ሊትር ይሆናል፣ ስለዚህ ዝናቡን በጣሳ ለክታችሁ የጎደለውን ብቻ ሙሉ።

20 ሊትሩን በአንድ ጊዜ፣ በዝግታ አጠጡ። በየቀኑ 3 ሊትር መርጨት ቁጥሩ ተመሳሳይ ቢመስልም ውጤቱ ሌላ ነው፦ እርጥበቱ ላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚቀር ሥሯም ወደዚያው ይወጣል፣ ሦስት ቀን ከቤት ስትጠፉ ትጠወልጋለች። አሸዋማ አፈር ላይ ብቻ በሁለት ከፍላችሁ አጠጡ። መድረቋን ለማወቅ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ እዚያ እርጥበት ካለ አትንኳት። በቀትር የተጠማዘዘ ቅጠል ምሽት ላይ ከተቃና ሙቀት እንጂ ጥማት አይደለም። ጠዋት ላይ የጠወለገች ግን ዛሬውኑ ውሃ ትፈልጋለች።

ውሃው አፈሩ ላይ ይፍሰስ፣ ቅጠሉ ላይ አይረጭ። ማታ ማጠጣት ግድ ከሆነ ቅጠሏ እንዳይነካ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ዝናብ ባለበት ወቅት ማጠጣቱን እርሱት። በደረቅ ወቅት በ10 ቀን አንዴ በደንብ ማጠጣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃታል።

ጉዝጓዝ

የእንጨት ስብርባሪ፣ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ጎዝጉዙ፣ ከግንዷ ግን 10 ሳንቲ ሜትር አርቁት። ትኩስ ሰጋቱራ ከሆነ ከአፈሩ ጋር አትቀላቅሉት፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሻማል። ጉዝጓዝ አረም ከመከልከሉ ሌላ የዝናብ ጠብታ የፈንገስ ዘር ይዞ ከመሬት ወደ ታችኛው ቅጠል እንዳይፈናጠር ያግዳል። በዓመት አንዴ ጨምሩበት።

ማዳበሪያ

በመጀመሪያ አበባ እስክታወጣ ምንም አትስጧት። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከገረዛ ቀጥሎ አዲስ ቅጠል ስታወጣ ሁለት አካፋ ኮምፖስት በዙሪያዋ ማፍሰስ ለብዙ አፈር በቂ ነው። አፈሩ ደካማ ከሆነ 10-10-10 የሚል ቁጥር ያለበት (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በእኩል የያዘ) ወይም ለዚያ የቀረበ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ ከ50 እስከ 60 ግራም ከግንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ በትኑና አጠጡ፤ ከመጀመሪያው ዙር አበባ በኋላ አንዴ ድገሙት፣ ይበቃል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ቅጠሏን በሁለት ሳምንት ያፋፋዋል፤ ያ ለስላሳ ቅጠል ግን የቅጠል ጭማቂ ለሚመጠው ትንሽ ነፍሳት፣ ለክሽክሽ ግብዣ ነው፣ አበባውም ይቀንሳል። ውርጭ በሚወርድበት አገር ብርዱ ከመግባቱ ስምንት ሳምንት በፊት መመገብ አቁሙ፤ ዘግይቶ የወጣ ቀንበጥ ሳይጠነክር ይመታል።

መግረዝ

ሰው በጣም የሚፈራው ይህንን ነው፣ ደግሞም በቀላሉ የሚታረመው ይኸው ነው። ቁጥቋጦ ጽጌረዳ ተሳስታችሁ ብትቆርጧት ከስምንት ሳምንት በኋላ ስህተታችሁን ሸፍና ታገኟታላችሁ። ስለዚህ በ«ትክክለኛው ዓይን» (በዘንጉ ላይ ቀንበጥ በሚወጣበት እብጠት) ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ በጊዜውና በቁመቱ ተጨነቁ።

በተተከለችበት ዓመት የሞተና የተሰበረ ካልሆነ በስተቀር አትቁረጡ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ገርዟት። ብርዳም በሆነ ቦታ ጊዜው ኃይለኛው ውርጭ አልፎ በዘንጉ ላይ ያሉት ዓይኖች ቀይ ሆነው ማበጥ ሲጀምሩ ነው። ቀዝቃዛ ወቅት በሌለበት አገር ከባዱ ዝናብ እንዳባራ ገርዙ፤ አዲሱ ቅጠል በደረቅ አየር ያድጋል። በሁለቱም ቦታ ከገረዛው እስከ አበባው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፣ አበባውን ለአንድ ቀን የምትፈልጉት ከሆነ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

መቀሱ እርስ በርስ የሚተላለፍ ሁለት ስለት ያለው ይሁን፤ በጠፍጣፋ ላይ የሚጫነው ዓይነት ዘንጉን ይጨፈልቀዋል። ስለቱን 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ከአንዷ ተክል ወደ ሌላዋ ስታልፉ ጥረጉት። እጅጌ ያለው ወፍራም ጓንት አድርጉ።

አስቀድማችሁ የሞተውን ቁረጡ። የሞተ ዘንግ ቡናማ ነው፣ ሲቆረጥ መሐሉ ነጭ ወይም ክሬም ሳይሆን ቡናማ ይሆናል፤ ነጩ እስኪታይ ድረስ ወደ ታች ውረዱ። ቀጥሎ እርስ በርስ የሚፋተጉትን ለዩና ደካማውን አውጡ፤ ከእርሳስ የቀጠነውንም ሁሉ። ከዚያ ቀሪዎቹን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አሳጥሯቸው። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፦ ቁጥቋጦ ጽጌረዳ በአንድ ወቅት የተቆረጠችበትን ከፍታ ሦስት እጥፍ ገደማ ታድጋለች፤ በ40 የተቆረጠች 120 ትሆናለች። መንገድ ዳር ያለችውን ዝቅ፣ አጥር የምትሆነውን ከፍ አድርጉ። ቁርጡ ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በጣም ከተራቀ ጉቶው ይደርቃል፣ በጣም ከተጠጋ ዓይኑ ይጎዳል።

በየዓመቱ ከሁሉም ያረጀውን፣ ቅርፊቱ ግራጫ የሆነውን አንድ ወይም ሁለት ዘንግ እስከ መሬት አውጡት። አሮጌው ሳይወጣ አዲስ ቅርንጫፍ ከታች ለመውጣት ቦታ አያገኝም። አጥር በሚከረከምበት መቀስ ከላይ ብቻ እያስተካከሉ መኖር ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል፤ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ግን እግሯ ራቁት፣ አናቷ ብቻ አበባ የሆነ ተክል ይቀራል።

የደረቀ አበባ መልቀም አያስፈልግም። ካስጠላችሁ ዘለላውን በሙሉ ከመጀመሪያው ባለአምስት ቅጠል ላይ ቁረጡት፤ ቀጣዩ ዙር ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ይመጣል።

ምን ይበላሻል፣ ለምንስ?

ጥቁር ነጠብጣብ። ጠርዙ የተበጣጠሰ ጥቁር ክብ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ይታያል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። ፈንገሱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ኖክ አውትም ሁሉንም አትቋቋምም፣ ስለዚህ ጥቂት ነጠብጣብ ብታዩ አትደንግጡ። የረገፈውን ቅጠል ለቅማችሁ ከግቢ አስወጡት፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት፤ ፈንገሱ የሚቆየው እዚያ ላይና የታመመ ዘንግ ላይ ነው። በየዓመቱ ግማሽ ቅጠሏን የምታራግፍ ተክል ላይ መድኃኒት ከመርጨት ነቅሎ የሚቋቋም ዝርያ መትከል ይረክሳል።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በለጋ ቅጠልና በእንቡጥ ላይ። ይህኛው ፈንገስ እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ርጥብ ሲሆን ይስፋፋል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ መጨናነቅና ጥላ ነው፣ መሐሏን አሳሱ።

ክሽክሽ። ቀንበጡ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይከማቻል። በውሃ ቱቦ በኃይል አጥቡት፣ በየ2 ቀኑ ሦስት ጊዜ ድገሙ። ካልበቃ 10 ሚሊ ሊትር ተራ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ማታ ላይ የቅጠሉን ሥር ጭምር አርጥቡ፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ጠንካራ ፀረ-ነፍሳት ከረጫችሁ ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ትገድላላችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቀይ ሸረሪት ይመጣል። ቀይ ሸረሪት በሙቀትና በድርቅ ወቅት ከቅጠሉ ሥር ይኖራል፤ ቅጠሉ በመርፌ እንደተወጋ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይላል፣ ቀጭን ድርም ይታያል። እሱንም የሚያሸንፈው በቅጠሉ ሥር በኩል የሚረጭ ውሃ ነው፤ ጠዋት ይሁን እንጂ።

ቅጠል እንደ ወንፊት ሲቀር። አረንጓዴ ትናንሽ ትሎች ከቅጠሉ ሥር ይፍቃሉ። አባጨጓሬ ቢመስሉም የተርብ ዘመድ የሆነች ነፍሳት እጮች ናቸው፤ ለአባጨጓሬ የሚሸጠው የባክቴሪያ መድኃኒት አይነካቸውም። በእጅ ጨፍልቁ ወይም ሳሙናውን ተጠቀሙ።

አበባ ሲጠፋ። በቅደም ተከተል ጠርጥሩ፦ ፀሐይ ከ6 ሰዓት በታች፣ ናይትሮጅን ከመጠን በላይ፣ ያለጊዜው መግረዝ። ከሥር የወጣ የተለየ ቅጠል ያለው ረጅም ዘንግ ካያችሁ ግራፍት የተደረገባት ሥር ነው፤ አፈሩን ገልጣችሁ ከመነሻው ገንጥሉት። በመቀስ ከተቆረጠ በእጥፍ ይመለሳል።

አንድ መድኃኒት የሌለው በሽታ አለ፦ በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋው የጽጌረዳ ሮዜት ቫይረስ። ሚጥ የምትባል፣ በነፋስ የምትጓዝ በዓይን የማትታይ የሸረሪት ዘመድ ታመጣዋለች፣ ኖክ አውትም አትቋቋመውም። ምልክቱ ከአንድ ቦታ እንደ መጥረጊያ ተጨናንቆ የወጣ ቀንበጥ፣ ከተለመደው በላይ የበዛ ለስላሳ እሾህ፣ የተጨማደደና ቀይ ሆኖ የሚቀር ቅጠል ነው። የጤነኛ ጽጌረዳ አዲስ ቅጠልም ቀይ መሆኑን አስታውሱ፤ ልዩነቱ ጤነኛው ሲያድግ አረንጓዴ መሆኑ ነው። አረም ማጥፊያ የነካትም ተመሳሳይ መልክ ታሳያለች። ቫይረሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ከነሥሯ ነቅላችሁ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉ፤ ቅርንጫፍ በመቁረጥ አይድንም።

ለብርድ ወቅት የምትጨነቁ ከሆነ ከመጀመሪያው ከባድ ውርጭ በኋላ እግሯ ላይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ወይም ኮምፖስት ክመሩና ብርዱ ሲያልፍ ግለጡት። ተክሏ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆናትና ለአገሩ የሚስማማ ዝርያ ከሆነች ይህም አያስፈልግም።

ከአንዷ ብዙ ማድረግ

በራሷ ሥር የምትበቅል ጽጌረዳ በቁራጭ በቀላሉ ትራባለች። አንዳንድ ዝርያዎች በአዳቃዩ የባለቤትነት መብት የተጠበቁ ስለሆኑ መለያውን አንብቡ።

አበባዋ ገና ከረገፈ ዘንግ፣ ውፍረቱ እንደ እርሳስ የሆነ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ውሰዱ። የታችኛው ቁርጥ ከዓይን በታች፣ የላይኛው ከዓይን በላይ ይሁን። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀሩ። የታችኛውን ጫፍ ሥር ማውጫ ሆርሞን ውስጥ አስነኩ፤ ሳይኖርም ይበቅላል፣ ግን የሚከስመው ይበዛል። ግማሽ አሸዋ ግማሽ ኮምፖስት በሞላ ፖት ውስጥ ሁለት ዓይን እስኪቀበር አስገቡ፣ አጠጡና ታቹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ድፉበት። ብርሃን ያለው ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ጠርሙሱን ምድጃ ያደርገዋል። አፈሩ እንዳይደርቅም እንዳይጨቀይም ተከታተሉ።

ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ከያዘ ሥር አውጥቷል። አዲስ ቅጠል መውጣቱ ግን ማስረጃ አይደለም፣ ዘንጉ ባጠራቀመው ምግብም ቅጠል ያወጣል። ጠርሙሱን በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት፣ በየቀኑም እያስረዘማችሁ ለሳምንት አለማምዱት፣ ከዚያ አንሱት። የሚመጣውን የመጀመሪያ እንቡጥ ቁረጡ። ሥሯ የፖቱን አፈር ሲሞላ ወደ መሬት ትዛወራለች፤ በዚያው ወቅት ግን አትቸኩሉ፣ ከሚቀጥለው የመትከያ ጊዜ በፊት ባታወጧት ይሻላል።